በዓባይ በረሃ የበረዳት መኪና

ሚያዝያ ውስጥ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ፣ ሉማሜንና ደጀንን አልፌ፣ ጠመዝማዛውን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ጀምሬዋለሁ። ከኋላ ወንበር አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ እያራገበች ተቀምጣለች። ኤሲውን 22 ዲግሪ ላይ አድርጌ ለቅቄዋለሁ። ነገር ግን ከእግራችን ሥር የሚመጣው አየር አክንባሎ ሲነሣ ፊት እንደሚገርፍ ወላፈን ነው። ቁልፉን ወደ መጨረሻው ብርድ ሳዞረው ወላፈኑ ቀረ፤ በምትኩ ግን የበረሃው የራሱ ሙቀት ገባ። በዚህ መሀል ዓይኔ ክሩስኮቱ ላይ የውጭውን ሙቀት ወደሚያሳየው ትንሽ ቁጥር ሄደ። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይላል።

አክስቴ አንገቷን አስግጋ አየችና «ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ። «መኪናዋ በረዶ ውስጥ ነኝ እያለች ነው» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያ ወባ ይዟታል ልጄ። በረሃ ላይ ብርድ ብርድ የሚለው ወባ የያዘው ነው» አለች።

ሳቅሁ እንጂ ያልተከፈለበት የአክስቴ ምርመራ ከተከፈለባቸው የሁለት ጋራዦች ምርመራ የተሻለ ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥ ጋዝ አልቋል ብሎ ጋዝ ሞላልኝ፤ ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛው የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ሞቷልና ይቀየር አለኝ። ሁለቱም ያቺን ቁጥር አላዩአትም፤ ወይም አይተው ከኤሲው ጋር ምን አገናኛት ብለው አልፈዋታል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሱት፤ የወጣበትም ዕቃ አንድ ክንድ የማትሞላ ሽቦና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነው። የዚህ ጽሑፍ ምክንያትም ይኸው ነው። ያቺ ቁጥር ስትሳሳት እንኳ በዘፈቀደ አትሳሳትም፤ አሳሳቷ ራሱ ብልሽቱ የት እንዳለ ይናገራል።

ነገሩ የሚጀምረው የባቄላ ፍሬ ከምታህል ዕቃ ነው። የውጭ ሙቀት ሴንሰር ይባላል። በአብዛኞቹ መኪኖች ከፊት ፓራውልት ጀርባ፣ ከራዲያተሩና ከኤሲው ኮንደንሰር ፊት ለፊት፣ ንጹሕ ንፋስ በሚያገኝበት ቦታ በአንዲት የፕላስቲክ ቆንጣጭ ተይዞ ይቀመጣል። በአንዳንድ የፔጆና የሬኖ መኪኖች ደግሞ የጎን ስፖኪዮው ሥር ተደብቆ ይገኛል፤ የእነዚህ መኪኖች ባለቤት ፓራውልት ሲያስፈታ ቢውል አያገኘውም። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ የሚቃጠልም ሆነ የሚያልቅ ነገር የለውም። በእኔ ግምት መኪና ላይ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ በራሱ ጊዜ ለመሞት ምክንያት የሌለው ይህ ነው። የሚሞተው ሰው ሲገጨው፣ ውኃ ሲገባበት ወይም ሽቦው ሲቆረጥ ነው።

ውስጡ ያለው ቁስ ቴርሚስተር ይባላል። ጠባዩን ለመረዳት ቅቤን ማሰብ ይበቃል። የጎጃም ቅቤ በደጋው ጠዋት እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ከቅሉ አልወጣ ይላል፤ ቆላ ሲወርድ ግን እንደ ውኃ ይፈስሳል። ቴርሚስተሩም ሲበርደው ኤሌክትሪክን አላሳልፍም ይላል፤ ሲሞቀው ይለቃል። ይህ እንቢታ በኦም ይለካል። ለምሳሌ በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም እንዲሆን የተሠራ የተለመደ ዓይነት፣ በ10 ዲግሪ ወደ 20 ሺህ፣ በዜሮ ዲግሪ ወደ 32 ሺህ ገደማ ይወጣል። በ40 ዲግሪ ደግሞ ወደ 5 ሺህ 300 ይወርዳል። ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይጠቀምም፤ በ25 ዲግሪ 2 ሺህ ኦም እንኳ የማይሞላም አለ። አቅጣጫው ግን አንድ ነው፦ ብርድ ሲጨምር ኦም ይጨምራል፣ ሙቀት ሲጨምር ኦም ይቀንሳል።

ቁጥሯን የሚያወጣው የመኪናው ኮምፒውተር ኦም ማንበብ አያውቅም፤ የሚያነብበው ቮልት ነው። ስለዚህ ከውስጡ 5 ቮልት ይልክና ሁለት ተካፋዮች ፊት ያስቀምጠዋል። አንዱ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ኦሙ የማይለወጥ ሬዚስተር ነው፤ ሌላው ሴንሰሩ ነው። 5 ቮልቱን እንደ አንድ እንጀራ ይካፈሉታል፤ ኦሙ የበዛው ብዙውን ይቆርሳል። ሁለቱም 10 ሺህ ከሆኑ፣ ማለትም ውጭው 25 ዲግሪ ከሆነ፣ እኩል ይካፈሉና ሴንሰሩ 2 ነጥብ 5 ቮልት ይደርሰዋል። ውጭው 40 ዲግሪ ሲሆን የሴንሰሩ ድርሻ ወደ 1 ነጥብ 7 ቮልት ይወርዳል፤ ዜሮ ዲግሪ ሲሆን ወደ 3 ነጥብ 8 ቮልት ይወጣል። ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን ድርሻ ያይና በተሰጠው ሠንጠረዥ ወደ ዲግሪ ይለውጠዋል። ሥራው ይህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሽቦው ይቆረጥ። በተቆረጠ ሽቦ ምንም አያልፍም፤ እንቢታው መጨረሻ የለውም ማለት ነው። እንጀራው ተካፋይ ያጣና 5 ቮልቱ ሙሉ በሙሉ በሴንሰሩ በኩል ይታያል። ለኮምፒውተሩ ትልቅ ድርሻ ማለት ብርድ ነው፤ ሙሉው ድርሻ ደግሞ የብርድ ሁሉ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ እስከሚፈቅደው ድረስ ወርዶ ከዜሮ በታች 40 ላይ ይቆማል። አንዳንዱ መኪና ቁጥሩን ትቶ ሁለት ሰረዝ ብቻ ያሳያል። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ ሴልሺየስና ፋራናይት የሚገናኙት በዚህችው ከዜሮ በታች 40 ላይ ብቻ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ መኪናም ሽቦው ሲቆረጥ ከአውሮፓው ጋር አንድ ቁጥር ይናገራል። ውሸታምን «አባይ» የሚለው አማርኛችን በዓባይ በረሃ ላይ አባይ ሴንሰር አገኘሁ ለማለት ይመቻል። የእኔ ሴንሰር ግን አልዋሸም። የተጠየቀውን ለመመለስ ጭራሽ ዕድል አላገኘም።

ሌሎቹም ስሕተቶች የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ሁለቱ ሽቦዎች ተላልጠው እርስ በርስ ከተነካኩ እንቢታው ወደ ዜሮ ስለሚወርድ፣ ኮምፒውተሩ በተቃራኒው ማለቂያ የሌለው ሙቀት ያያል፤ ቁጥሩ 50 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ወይም እዚህም ሰረዝ ይመጣል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ቁጥሩ ለእውነት ቀርቦ እውነት ያልሆነበት ጊዜ ነው። ሶኬቱ ውስጥ ያሉት የመዳብ ጥርሶች ሲዝጉ፣ ዝገቱ ራሱ እንቢታ አለውና በሴንሰሩ እንቢታ ላይ ይደመራል። ዝገቱ 10 ሺህ ኦም ጨመረ እንበል። በ25 ዲግሪ ሴንሰሩ 10 ሺህ ነበር፤ አሁን ኮምፒውተሩ የሚያየው 20 ሺህ ነው፤ 20 ሺህ ደግሞ ከላይ እንዳየነው የ10 ዲግሪ ምልክት ነው። ባሕር ዳር በእኩለ ቀን 10 ዲግሪ ብሎ ድርቅ ያለ መኪና ካጋጠመ፣ ሴንሰሩን ከመውቀስ በፊት ሶኬቱን መንቀል ነው። ዝገት ያበርዳል፤ ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ብዙ ወጪ ይድናል። በሶኬቱ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃና ጭቃ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ድልድይ ሲሠራ ደግሞ ኤሌክትሪኩ አቋራጭ መንገድ ያገኝና ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። ክረምት ሲገባ እየጀመረ ጸሐይ ሲወጣ የሚጠፋ ስሕተት ካለ ይህ ነው። መንገዱ ሲኮረኩም የሚዘል፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ የሚረጋ ቁጥር የላላ ሽቦ ነው።

ብልሽት ያልሆነም አለ። ቆሞ ሞተሩ የሚሠራ መኪና ቁጥሩ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ የራዲያተሩ ሙቀት ወደፊት ይመለሳልና። ጸሐይ ላይ የዋለ መኪናም እንዲሁ። መንገድ ጀምሮ ጥቂት ከሄደ በኋላ ካልተስተካከለ ግን ሴንሰሩ ከቆንጣጩ ወልቆ ወደ ራዲያተሩ ተጠግቶ ተንጠልጥሎ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ወዳጄ ደግሞ መኪናው 72 ዲግሪ ይላል ብሎ ሴንሰር ሊገዛ ተነሥቶ ነበር። 72 ፋራናይት 22 ሴልሺየስ ነው፤ የፈለገው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር።

ታዲያ አንዲት ቁጥር ኤሲን እንዴት ታቆማለች? ዕውር የሆነ፣ በእጅ ብቻ የሚታዘዝ ኤሲ ባላቸው ብዙ መኪኖች ውስጥ ቁጥሯ ለጌጥ ናት፤ ብትሳሳትም የሚጎዳ የለም። ዲግሪ መርጠው የሚለቁት አውቶማቲክ ኤሲ ግን በእርሷ ይመራል። ውጭው እንደ መኪናው ዓይነት ከዜሮ እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኮምፕረሰሩ እንዳይነሣ ይከለክላል። ክልከላው ምክንያት አለው፦ በዚያ ብርድ ኤሲው ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ውኃ አርግዞ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ የኮምፕረሰሩ ዘይትም ይወፍራል። ስለዚህ መኪናዬ ከዜሮ በታች 40 ነው ብላ ስታምን ኮምፕረሰሩን አሳረፈችው። አልፎ ተርፎም እኔ 22 ዲግሪ ጠይቄያታለሁና፣ ውጭው እንዲያ ከበረደ ይህ ሰውዬ ሙቀት ያስፈልገዋል ብላ የሞተሩን ሙቀት እግሬ ሥር ለቀቀችው። ደግነት ነው ያደረገችው። ኮምፕረሰሩ አልሞተም፣ ጋዙም አላለቀም፤ ትእዛዝ አልደረሰውም እንጂ። በነዳጅ በኩል ግን ይህን ሴንሰር አትውቀሱት። ሞተሩ የሚስበውን አየርና የራሱን ሙቀት የሚለካባቸው ሌሎች ሴንሰሮች አሉት፤ ነዳጅ በላብኝ የሚል ሰው ወደ እነዚያ ይሂድ።

ጎጃም ለዚህች ዕቃ ቀላል አገር አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 446 ሜትር ላይ ናት። ከደጀን አፋፍ ተነሥቶ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። አየር በየ1 ሺህ ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለያይ፣ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ ከደጋ ቆላ መግባት ነው። በሌላ በኩል ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚወጣው ጮቄ አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በግርጌው ያሉ መንደሮች ሣራቸው ውርጭ ለብሶ ያድራል። በዚያ ሰሞን ማለዳ ላይ መኪናችሁ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ጮኻ የበረዶ ምልክት ብታሳይ ልትዋሽ አይደለም፤ ፋብሪካዋ የተጨነቀላት አስፋልቱ በረዶ ለብሶ ለሚያንሸራትት አገር ስለሆነ ነው። በዚህ ላይ የክረምቱ ጭቃ ይጨመር። ከሁሉ የከፋው ግን ላቫጆው ነው። የላቫጆ ልጆች ጭቃውን ለማስለቀቅ በኃይለኛ ውኃ የሚገርፉት ይህንኑ የፊት ፓራውልት ነው፤ አሥር ዓመት ውኃ የተገረፈ ሶኬት ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ውኃ ያስገባል። ቀጥሎ የሚመጣው ግጭት ነው። ባጃጅ ትነካና ፓራውልት ይወርዳል፣ ይለጠፋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ተመልሶ ይገጠማል፤ ቀለም ቀቢው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን አስታውሶ ካልሰካ ወይም ከብረቱ ሥር አጣብቆ ካሰረ፣ መኪናው ብን ብሎ አምሮበት ይወጣና ሲበርደው ይኖራል። የእኔም ይኸው ነበር፤ ባጃጇ የነካችኝ በመስከረም ነው፣ ኤሲ የፈለግሁት በሚያዝያ።

ወደ ባለሙያው ልመለስ። «ጋሼ፣ ጋዝ ሞልቼ ነበር» ስላቸው ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና አውቶ የሚለውን ቁልፍና አየሩን በውስጥ የሚያዞረውን ቁልፍ አብረው ተጭነው ይዘው የሞተሩን ቁልፍ አበሩ። መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉና ኤሲው የራሱን በሽታ በቁጥር መናገር ጀመረ። ይህ ዘዴ በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ይሠራል፤ በእነርሱ ላይ 11 የመኪናው ውስጥ ሙቀት ሴንሰር፣ 12 የውጭው፣ 13 የማቀዝቀዣው ማለት ነው። 21 ከመጣ የጸሐይ ብርሃን ሴንሰር ነው፤ መኪናው ጥላ ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ ከቆመ ግን ምንም ሳይበላሽ ይመጣልና ማንም እንዳይደነግጥ። የሌሎች ፋብሪካዎች መኪኖች የራሳቸው ዘዴ አላቸው። በየጋራዡ ያለው ርካሽ የኮድ ማንበቢያ የሚያነብበው ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ «ምንም ኮድ የለም» ሲባል ኤሲው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ቁጥሩ የውጭውን ሴንሰር ካመለከተ በኋላ ወደ ፊት ዞሩና ከፓራውልቱ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ሶኬቱን ነቀሉ። ወደ ብርሃን አውጥተው አሳዩኝ። ሁለቱ ጥርሶች ነሐስ መምሰል ትተው አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል፤ ጥፍራቸውን ሲያስኬዱበት ዱቄቱ እየተፈረፈረ ወረደ። «ይሄ ያበርዳል እንጂ እስከ 40 አያደርስም» አሉ። የሞተሩን ቁልፍ አስበርተውኝ ቮልትና ኦም የሚለካውን ቴስተር በሶኬቱ ሁለት ጥርሶች ላይ አደረጉት፤ 5 ቮልት ገደማ መምጣት ነበረበት፣ የመጣው ግን ዜሮ ነው። ይህን ያየ ችኩል ሰው ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ይል ነበር። እርሳቸው አንዱን የቴስተር ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር አገናኝተው በሌላው ጥርሶቹን ተራ በተራ ነኩ። አንደኛው ላይ 5 ቮልት ብቅ አለ። የሚልከው ሽቦ ደኅና ነው፤ የተቆረጠው የሚመልሰው ነው ማለት ነው። ከዚያ ያንን ሽቦ በሁለት ጣታቸው ይዘው እየሳቡ ወደ ኋላ ተከተሉት። ፓራውልቱን ከያዘው ብረት አጠገብ ሲደርሱ ሽቦው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ላዩ ደኅና ነው፤ ቅርፊቱ አልተላጠም። ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል፤ መዳብ ያለበት ሽቦ አይለጠጥምና። ይህን ዓይነቱን ስብራት ዓይን አያየውም፤ ጣት ብቻ ነው የሚያገኘው።

በቤታችሁ ለምትሞክሩት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በቀልድ አይደለም። በዚያ አካባቢ ያለ ሁለት ሽቦ ሁሉ የሙቀት ሴንሰር አይደለም። የጭጋግ መብራቱና ጡሩምባውም እዚያው ናቸው፤ 12 ቮልት አላቸውና በስሕተት ቢያያዙ ፊውዝ ይበላሉ። ከዚህ የሚብሰው የኤርባግ የግጭት ሴንሰር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ልባስ አለው። እርሱን በቴስተር አትለኩት፣ አትንቀሉት፣ አትንኩት። የራዲያተሩ ፋንም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል ጣትና የነጠላ ጫፍ ከእርሱ ይራቅ።

ሴንሰሩን ራሱን መፈተን ደግሞ ለልጅ ጨዋታ የቀረበ ነው። ነቅላችሁ ቴስተሩን በኦም አድርጋችሁ ሁለቱ እግሮቹ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በጭብጣችሁ ያዙት። በሕይወት ካለ ቁጥሩ ወዲያው ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል፤ ስትለቁት ይወጣል። ምንም ካላነበበ ወይም በጭብጥ ውስጥ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ሞቷል። ትክክለኛነቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ከአንድ ሆቴል የተፈጨ በረዶ ይለምንና ጥቂት ውኃ ጨምሮበት፣ ሴንሰሩን በፌስታል ጠቅልሎ እዚያ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያቆየው፤ የሚቀልጥ በረዶ ባሕር ዳርም ሆነ ጮቄ ዜሮ ዲግሪ ነው። በፈላ ውኃ ለመፈተን ግን አትድከሙ። ሴንሰሩ ለዚያ ሙቀት አልተሠራም፤ በዚያ ላይ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ከፍታው ስለሚያቀልለው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሽሮ ለምን እንደሚዘገይ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ሴንሰሩን አይመለከትም።

ጥገናው ከፍለጋው ያነሰ ነው። ባለሙያው የሞተውን ቁራጭ ሽቦ ቆርጠው ጣሉና በውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ገጠሙ። ጫፎቹን አጠላልፈው በእርሳስ በየዱ፤ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አልብሰው በላዩ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቀለሉ። ሽቦ አጠማዝዞ ፕላስተር ብቻ መለጠፍ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ለመብራት ያገለግል ይሆናል። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፤ እዚህ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከአንድ አምፖል ኤሌክትሪክ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነውና ትንሽ ዝገት ያቆመዋል። ሶኬቱን አልኮል በነካ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው አረንጓዴው እስኪጠፋ አጸዱት፤ አደረቁት፤ ለኤሌክትሪክ የሚሆን ግሪስ በስሱ ቀብተው መልሰው ሰኩት። ሽቦው ከብረቱ ሥር እንዳይገባ በሌላ በኩል አዙረው አሰሩት። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያላደረገ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይመጣል።

ሴንሰሩ በእርግጥ ከሞተ መለወጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ከጣለ ወዲህ አሮጌ መኪናን እየጠገኑ ማቆየት ምርጫ ሳይሆን ኑሮ ሆኗል፤ ያገለገለ መለዋወጫም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ እየተላከ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይደርሳል። ያገለገለ ሴንሰር መግዛት ነውር የለውም፤ ከላይ እንዳልሁት የሚያልቅ ነገር የለውም። ነገር ግን ቆንጣጩ ገባ፣ ሶኬቱ ሰካ ብላችሁ አትርኩ። በ25 ዲግሪ 10 ሺህ ኦም የሆነ ሴንሰር፣ 2 ሺህ ለሚጠብቅ ኮምፒውተር ቢሰጥ ቀኑን ሙሉ በረደኝ ይላል። ሻጩ ፊት በቴስተር ለኩት፤ ከአሮጌው ጋር፣ አሮጌው ከሞተም ከሌላ ተመሳሳይ ዓመትና ሞዴል መኪና ሴንሰር ጋር አስተያዩት። አንዳንድ ጋራዦች ሴንሰሩን ትተው በሶኬቱ ላይ አንድ ሬዚስተር ይሰኩና መኪናዋን ለዘላለም 25 ዲግሪ ላይ ያቆሟታል። ኤሲው ይነሣል፤ አልክድም። ከመተማ ለሚመጣ አንድ መንገድ እኔም አደርገው ይሆናል። እንደ ጥገና ተቆጥሮ ሲከፈልበት ግን ማታለል ነው።

ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን አበራሁና ደነገጥሁ፤ ቁጥሩ አሁንም ከዜሮ በታች 40 ነው። ባለሙያው አልተገረሙም። ኮምፒውተሩ የሞተሩ ሙቀት እንዳያታልለው ሲባል ቁጥሩን ወደ ታች ቶሎ ያወርዳል፣ ወደ ላይ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚያወጣው፤ ብዙ መኪኖች እየተጓዙ ካልሆነ ጭራሽ አያወጡትም። አጥፍቶ ማብራት የሚበቃው አለ፤ ባትሪውን ለጥቂት ደቂቃ መንቀል የሚፈልግም አለ። ባትሪ ከመንቀል በፊት ግን ሬዲዮው የይለፍ ቁጥር የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ቁጥሩ ወዲያው ባለመስተካከሉ ስንት ሰው ደኅና ጥገናውን አልሠራም ብሎ አስፈርሷል። እኔ መንገድ ጀመርሁ። ከከተማው ስወጣ ሰረዝ ሆነ፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 14፤ ሉማሜ ላይ 21 ሆኖ ረጋ።

በግንቦት አክስቴን ይዤ ዓባይን በድጋሚ ወረድሁ። ድልድዩ ላይ 36 ይል ነበር፤ እግራችን ሥር ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ስንመለስ ደጀን ላይ ወጥተን ለቡና ቆምን፤ ቡናው ሲያልቅ ተመልሰን ስንገባ ከተማው ቀዝቅዞ ሳለ ቁጥሩ 33 ላይ ቆሞ ጠበቀን። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳ ቁጥሩን አየችና «አሁን ደግሞ ትኩሳት?» አለች። «ቆማ ስለነበር ነው፤ የሞተሩ ሙቀት ነው። እንሂድና ይወርዳል» አልኋት። ከደጀን ሳንወጣ 19 ገባ።